ሳይተነፍስ የተከፈተው ሃይላንድ

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከአልጋ እንዳልወርድ ከታዘዝኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው እንጂ ደኅና ነኝ። ሆዴ ገፍቷል። ሐኪሙ እንዳትደነግጪ፣ እንዳታለቅሺ ብሎኛል።

አማችሽ ተረፈ ስልኬን ለዕረፍትሽ ብሎ ወሰደብኝ። ያንቺም ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሸ አለኝ። ለሥልጠና ብሎ እናንተ ጋ አርባ ምንጭ ወርዶ በአራተኛው ቀን ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ የመንገዱ አቧራ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም። ታውቂው የለ፣ በካርታ ጨዋታ እንኳ ፊቱ ያሳብቅበታል።

የሺፈራው ቅጠል ዱቄት አምጥቶልኛል፤ እንደ ልማድሽ በሃይላንድ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ። እናትሽ ራሷ ሞልታ፣ ራሷ ከድና ሰጠችኝ አለ። ያንቺ ሃይላንድ እዚህ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ሆዱ ተነፍቶ ነው። ስከፍተው ፍስስ ይልና ዱቄቱ አፍንጫዬ ላይ ይቦናል። ዘጠነኛ ክፍሎችን የአየር ግፊት ያስተማርኳቸውም በእሱ ነው። እናንተ ጋ ቆላው ላይ አየሩ ከበላዩ ብዙ አየር ስለሚጫነው ይታመቃል። ሆሳዕና አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የውጪው ግፊት ይቀንሳል፤ የታሸገው ግን የቆላውን ግፊት እንደያዘ ይመጣል። የእናቴ ትንፋሽ እያልኩ አስቃቸው ነበር።

የአሁኑ ሆዱ አልተነፋም። ጆሮዬን አስጠግቼ ከፈትኩት፤ ዝም አለ። እንደ ሞኝ መልሼ ዘግቼ ከፈትኩት። ከዚሁ ገበያ ተገዝቶ እዚሁ የተከደነ ነው። ለተረፈ ግን የእማዬ ሙያ አልኩት። ወደ ጓሮ ወጣና ቆየ።

አምና የጎረቤታችን የሂሩት አባት ሲያርፉ፣ ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም ተብሎ እስክትወልድ ደብቀናት ነበር። አባትሽ ላኩልሽ ብዬ ማር የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ሂሩት አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ከልክ በላይ ትስቃለች።

እማዬ፣ ጮኼ ማልቀስ አምሮኛል። ካለቀስኩ ልጁ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ፤ ካላለቀስኩ ደግሞ እኔ ልፈነዳ ነው። ስለዚህ አላውቅም። እስክወልድ ምንም አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለተረፈ እሰጠዋለሁ። በእጇ አደርሳለሁ ይለኛል፤ እኔም አመሰግነዋለሁ።

በመስከረም የላክሽው ሃይላንድ አልጋዬ ሥር አለ። አልከፈትኩትም፤ ሆዱ እንደተነፋ ነው። ወልጄ፣ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ከነገሩኝ በኋላ እከፍተዋለሁ።

ጸሎትሽ አይለየኝ። አምላክ ባለሽበት ያሳርፍሽ።

ልጅሽ፣
ከሆሳዕና