ሸክላው ያልጠራቸው ሰዎች

እምዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ለፋሲካ ዳንግላ መጥቼ፣ ካንቺ መደብ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ መደማመጥ የለም። አባዬም እንደሆነ ብዙ አያወራም።

የሙዚቃ ሸክላ የምናሳትምበት ቤታችን በእግሩ ቆሟል። የቢሮ ሥራዬን ትቼ አዲስ አበባ ላይ ከጓደኛዬ ከታደሰ ጋር አንዲት ክፍል ስከራይ፣ የተመረቀ ሥራ ፈት ብለሽኝ ነበር። ሸክላ ማሳተም ከመንግሥት በቀር ለማንም አልተፈቀደም እየተባልን፣ ድምፁ የተቀዳበትን ክር ውጭ አገር ልከን አሳተምን። የመጀመሪያው ያንቺ ነው። ዛሬ ዘፋኞች በራችን ላይ ተራ ይይዛሉ። በሚቀጥለው ወር መቅረጫውን ይዤ የዚያን አገር ዘፋኞች ልቀዳ ጫግኒ እወርዳለሁ፤ ሥራው አላስቀምጥ ብሎኛል።

የምነግርሽ ግን ሌላ ነው።

ድምፅሽን እንድንቀዳ የመጣሽ ቀን ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው ስታጪ፣ ለማን ልዝፈን ብለሽ ግራ ገባሽ። በየሠርጉ ዘፈን ከመጀመርሽ በፊት ዳስ ውስጥ ያለውን ሰው በየስሙ ትጠሪ ነበር፤ አንዱን በአገውኛ፣ ሌላውን በአማርኛ። ያን ቀንም ዓይንሽን ጨፈንሽና ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ጀምረሽ እስከ ወንዝ ማዶ ጠራሽ። ሸክላው በአንድ ፊቱ ከሦስት አራት ደቂቃ በላይ አይዝም። ስሞቹን ቆረጥኳቸው። የዳንግላን ሰው ስም ማን ይገዛል ያለው ታደሰ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ክር ስላጠረን ስሞቹ በነበሩበት ላይ ሌላ ዘፋኝ ቀዳን። ሸክላው ታትሞ ሳይመጣ አንቺ ሄድሽ።

ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ፣ በጥር፣ እትዬ ጥሩነሽ ልጇን ዳረች። ባንቺ ፋንታ ይዘፍናል ብዬ ሸክላውን ከነማጫወቻው ወሰድኩ። ድምፅሽ ሲሰማ ዳሱ ጸጥ አለ። የሚያጨበጭብ የለም። ለካስ ሁሉም ስሙ እስኪጠራ እየጠበቀ ነው። ሲያልቅ፣ ያመለጣቸው መስሏቸው ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ፣ ከተማ ስትገባ ረሳችን ማለት ነው አለች። እኔ ነኝ የቆረጥኩት ማለት ነበረብኝ። ማጫወቻውን ዘግቼ ወጣሁ።

አዲስ አበባ ስምሽን አወቀው፤ የአገርሽ ሰው ግን በእኔ ጥፋት ተቀየመሽ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሳይበተን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ፣ ስማቸውን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ከዚያ በተራቸው እጠራቸዋለሁ። ድምፄ እንደምታውቂው ነው፣ ይሳቁብኝ። በወረቀት መጻፍ ጀምሬ ነበር፦ እትዬ ጥሩነሽ፣ አያ ቢተው፣ ከዚያ… ከአያ ቢተው ቀጥሎ ማን ነበር እምዬ? ሦስት ቀን አሰብኩ። ሌሎቹን እስከ ወንዝ ማዶ ደርሼባቸዋለሁ፤ ያ አንዱ ብቻ ጠፋኝ።

የያዝኳቸውን እስክሞት አልለቃቸውም። ለጠፋብኝ ቦታውን ባዶ ትቼለታለሁ። እሑድ እዚያ ላይ ስደርስ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ያ ሰው ተራውን ያውቃል።

ልጅሽ