ፀጉር ቤትና እንጨት ቤት በአንድ መስመር

ሰኞ፣ ጥር 6
ከሥራ መልስ እህቴ ፀጉር ቤት ጎራ አልኩ። የገጠምኩላት ሶላርና ኢንቨርተር ደህና ነው። ጎረቤቷ አናጢውም ባለፈው ሳምንት አስገጥሟል አሉ። ደግ አደረገ።

ረቡዕ፣ ጥር 8
ስልክ። እህቴ ናት። "ቶሎ ድረስ! ሙሽራዋ ካስክ ውስጥ ናት!"
ስደርስ መብራቱ ቦግ እልም፣ ቦግ እልም... ከዚያ ኢንቨርተሩ ድርግም። የሙሽራዋ ፀጉር ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ውሃ ያንጠባጥባል። እናቷ አየችኝ... ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።
"መሐንዲስ ነኝ አላልክም?" አለች እህቴ።
ነኝ እንዴ?

ዓርብ፣ ጥር 10
እህቴ ጥፋተኛውን አገኘች፤ አናጢው። በሩ ላይ ቆማ፣ "ያንተ ዕቃ ነው የኔን የሚያሳብደው!"
"ያበደውስ ያንቺው! ማሽኔ እንጨት ነክሶ ቀረ እኮ!"
ላስታርቅ መሃል ገባሁ። ሁለቱም እኔ ላይ ዞሩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
ተገኘ! አንዱን ኢንቨርተር ሳጠፋው ሌላው ሰላም ነው። አብረው ሲሆኑ ነው ጉዱ። የመብራት መስመሩ ረጅምና ቀጭን፣ እነሱ ደግሞ ጫፉ ላይ። ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ሲል አንዱ ላስተካክል ብሎ ይቸኩላል፤ ያኛውም አብሮ ይቸኩላል። ከልክ በላይ ይወርዳል። ደግሞ ለማንሣት ይሽቀዳደማሉ... በመጨረሻ ሁለቱም ድርግም።
አንዱን ረጋ ማድረግ ነው። የማን ይርጋ?
"የሱ!" አለች።
"የሷ!" አለ።
የሁለቱንም አረጋለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ቅዳሜ፣ ጥር 18
ሙከራ። እኔ ምሰሶው ሥር መለኪያዬን ይዤ፣ እነሱ በየኢንቨርተራቸው፣ በግድግዳ ማዶ ለማዶ።
"አበራሽ?" አላት አናጢው።
"አብርቻለሁ፣ አንተስ?"
ቮልቴጁ ቀጥ አለ። ካስኩም፣ መጋዙም እየሠሩ! "እናንተ ጋስ እንዴት ነው?" ብዬ ጮህኩ። ደግሜም፣ "ኧረ ሰዎች!" ሳቅ ሰማሁ። የእህቴ ሳቅ... ከስንት ጊዜ በኋላ?

እሑድ፣ የካቲት 10
አናጢው በየቀኑ "ዛሬስ መብራቱ ብልጭ አለ?" እያለ ይመጣል አሉ። እህቴም "ትንሽ ብልጭ ብሏል" ትለዋለች አሉ። ደነገጥኩ። መለኪያዬን ይዤ በረርኩ። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ... ንቅንቅ የለም።
"እህቴ፣ ምንም አልሆነም እኮ!"
"ቀስ በል፣ ይሰማሃል!"
ማን? ዞር ስል አናጢው በሩ ላይ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፂሙን ተላጭቷል። መሣሪያዬን ሰብስቤ ውልቅ ልል ስል፣ "በሰላም ግባ፣ አማቼ" አለኝ።
አማቼ?!
እህቴን አየኋት። አላረመችውም።