ጣሪያው ከፍ ያለው መኪና

አዳማ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሙሉዬ
ሻሸመኔ

ሆዴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እህትሽ ሶፊስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ትለዪዋለሽ። ደህና አይደለሁም። ስልክ ስለማታነሺልኝ ነው የጻፍኩት። ወረቀት ቢያንስ መሐል ላይ አይዘጋም። መቅደድ ግን መብትሽ ነው።

ጋራዡ እንዳለ ነው፤ የሰው መኪና ላሜራ ስቀጠቅጥ እውላለሁ። እሁድ እሁድ ሰዎች በሪሞት ለሚያሽቀዳድሟቸው ትንንሽ መኪናዎች የምሠራውን ቦዲ፣ የላይ ልባሳቸውን፣ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድ ብቻ ነው የጨረስኩት። በየትኛው እንጨት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ሥራውን እያየሽው ኖረሻል። መጀመሪያ ፎርማው ከእንጨት ይጠረባል፤ ከዚያ ፕላስቲኩ እስኪለሰልስ ይሞቅና በላዩ ይለበጣል። እንጨቱ እርጥበት ካለው በሙቀቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቦዲው ላይ ይወጣል። በዚህ በአዳማ ሐሩር ከገበያ የገዛሁት እንጨት ሁለት ቦዲ ሳያወጣልኝ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዓይኔ አሮጌ እንጨት ላይ ነው የሚያርፈው። ሰው ቤት ተጋብዘን ቁምሳጥናቸውን ስዳብስ "እጅህን ሰብስብ" እያልሽ በክርንሽ ትጎስሚኝ ነበር።

ያን ረቡዕ አንቺ ጸሎት ላይ ሳለሽ የትህትናን አልጋ በመጋዝ ቆረጥኩት። አባቴ ለእኔ የሠራው ዋንዛ፣ ልጃችን ስድስት ዓመት የተኛችበት። ካረፈች አምስት ወሯ ነበር። ተመልሰሽ ሰጋቱራው ላይ ቆምሽና "ምን ሆነህ ነው ፈይሳ?" አልሽኝ። እኔ ደግሞ ቀና እንኳ ሳልል "ደረቅ እንጨት ፈልጌ ነው" አልኩሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

እውነቱን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ትህትና የሣለችውን መኪና ታስታውሻለሽ? ጣሪያውን እንደ ቤት ከፍ አድርጋው ነበር። "ለምን?" ስላት "ሰዎቹ ኮፍያ ያደርጋሉ" አለችኝ። እኔ ጎበዙ ባለሙያ፣ "እንዲህ ከፍ ካለ ነፋስ ይገለብጠዋል፤ የውድድር መኪና ዝቅ ማለት አለበት" ብዬ በላጲስ አጠፋሁባት። አኮረፈችኝ፤ እራት ላይ እንኳ ከአንቺ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። በማግስቱ ትኩሳቱ ጀመራት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሙሉዬ፣ እኔና ልጄ ሳንታረቅ ነው የሄደችው። በክፍሏ በር ባለፍኩ ቁጥር አልጋው ላይ ፊቷን አዙራብኝ የተኛች ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ቆረጥኩት።

ከአልጋው እንጨት ፎርማውን እሷ እንዳለችው ጠረብኩት፤ ጣሪያውን አንዲት ጣት እንኳ ዝቅ አላደረግኩም። ስንጥቅ መድፈኛ ስቱኮ አልነካሁትም፣ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አለሰለስኩት። ቦዲው ሲወጣ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ከውስጥ በኩል በምትወደው ሐምራዊ ቀባሁት። ይሄን ብሠራላት የምንታረቅ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ ወደ ውድድሩ ይዤው ሄድኩ። ያ ቀልደኛው ፈዬራ ገና ሲያየው "አቦ ፈይሳ፣ አውቶቡስ ነው እንዴ የሠራኸው?" አለና ሁሉንም አሳቀብኝ። መኪናው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ከጎኑ አገኘውና ገለበጠው። አነሳሁት። እንደገና ተገለበጠ። ልክ ነበርኩ። ልክ በመሆኔ እንዲህ አንጀቴ የተቃጠለበት ቀን የለም።

የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ዲበኩሉ ሻሸመኔ ወርደው ሊያነጋግሩሽ ፈልገው ነበር። "ምን ብዬ ልለምንልህ?" ሲሉኝ ጉዞውን አስቀረሁት። ሌላ አልጋ ይሠራልሻል በሏት አይባል ነገር።

ትናንት ደግሞ ሶፊ ደወለችልኝ። አትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። ከሰዓት በኋላ እኔ ጋራዥ እያለሁ አንቺ ትህትና አልጋ ላይ እግርሽን አጥፈሽ ትተኚ እንደነበር ነገረችኝ። በየቀኑ። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንሶላውን አስተካክለሽ ትወጪ ነበር አሉ። እኔ ማንም የማይተኛበት አልጋ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር።

ነይ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን ነይ እንዳልልሽ፣ በዚህ ቤት የምታርፊባትን አንዲት ቦታ በገዛ እጄ ቆርጬብሻለሁ።

እኔን የነሳኝን እንቅልፍ ጌታ ለአንቺ እጥፍ አድርጎ ይስጥሽ። ለሶፊም ቤቷን ይባርክላት።

ያንቺው ፈይሳ