የጂልዶ ብስክሌት

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዝናብ። ወርክሾፑ ውስጥ ደንበኛ የለም። ከሰዓት በኋላ የጂልዶን ብስክሌት ከጣሪያው ሥር አወረድኩት። ወንድሜ በወጣትነቱ የተወዳደረበት፤ መላ አካሉ በሚያብረቀርቅ ክሮም የተለበጠ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን የሚወጋ ነበር። አሁን ዝገት በልቶታል።

እሁድ ጂልዶ ያለበት የአረጋውያን መጦሪያ ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። አስታማሚዋ ሎሬዳና፣ "ይወደው የነበረ ዕቃ ያምጡለት፤ አንዳንዴ የጠፋ ትዝታን ይመልሳል" አለችኝ። አንዳንዴ... ሌላ ምን አለኝ?

አርብ፣ ማርች 14

ክሮም የሚነክረው ቤፒ ጋ ወሰድኩት። በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው።

"ኔቪዮ፣ አሮጌውን ክሮም ልላጠው ብል ብረቱም አብሮ ይሄዳል። ወረቀት ሆኗል እኮ!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ግድግዳ ላይ ስቀለው።"

"ለጂልዶ ነው።"

ብስክሌቱን ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። እሱና ጂልዶ በወጣትነታቸው አብረው ተወዳድረዋል። ቡና እንኳን ሳይጋብዘኝ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 27

ዝገቱን በአልሙኒየም ፎይልና በውሃ እየፈተግኩ ነው። ጣቶቼ ተላጡ። የሚለቅ አለ፣ የማይለቅ አለ። የጎማዎቹን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹን፣ ቀየርኩ፤ ካቴናውም አዲስ ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ላይ የድሮ ብየዳዬ አለ። ግራፓ ተራራ ላይ ወድቆ ከሰበረው በኋላ የበየድኩት። "አንተ ዝንጀሮ፣ ይሄ ከተላቀቀ መንፈስ ሆኜ መጥቼ አንቅሃለሁ!" ነበር ያለኝ። ምነው አሁንም እንዲያ ቢሰድበኝ...

እሁድ፣ ኤፕሪል 13

ወሰድኩለት። መጦሪያው ግቢ ፀሐይ ነበረች። ከወንበሩ ራሱ ተነሳ! ፔዳሉን አሽከረከረና ጆሮውን አስጠጋ። ፈገግ አለ። ጠጋ አልኩት።

"እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

እርስዎ... ዕድሜ ልኬን አንተ ነው የሚለኝ።

"እኔ ነኝ ጂልዶ። ኔቪዮ።"

"ወንድሜም ኔቪዮ ነው። እሱም ብስክሌት ይሠራል።"

"የት ነው ያለው?"

"እኔ እንጃ። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም።"

ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔ እኮ በየእሁዱ ነው የምሄደው። በየእሁዱ!

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ወርክሾፑን አልከፈትኩም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። አልሄድኩም። ሄጄስ ማን ልሁን?

እሁድ፣ ሜይ 4

ሄድኩ። ከሩቅ ሲያየኝ እጁን አወዛወዘ። "ሎሬዳና፣ ባለሙያው መጡ!" እንዲህ ከተቀበለኝ ስንት ዘመን ሆነው...

ፍሬኑን አብረን አጠበቅን። ስለ ወንድሙ አጫወተኝ። ወንድሙ ልጅ ሳለ ወንዝ ሊወስደው ሲል ጂልዶ በፀጉሩ ጎትቶ እንዳወጣው፣ እናታቸው እንዳትደነግጥም ለማንም እንዳልተናገረ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ጨርሶ አላስታውሰውም።

ልወጣ ስል እጄን ያዘ።

"ወንድሜን የሆነ ቦታ ካገኙት፣ አልተቀየመህም ይበሉልኝ።"

"እነግረዋለሁ።"

"ስምዎን ማን ልበል?"

ኔቪዮ ነኝ ብለው እንደገና ሊያለቅስ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ሰጠሁት።

"ቱሊዮ" አልኩት።