ያላወቅሁት የሱቅ ስም

ወላይታ ሶዶ፣
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለቤቴል፣

እንደምን ሰነበትሽ? አክስትሽስ ደህና ናት? እኛ ጌታ ይመስገን ጤና ነን። እናትሽ ግን ሃዋሳ ከሄድሽ ወዲህ እራት ስታቀርብልኝ "ብላ" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። የምጽፍልሽ ስልኬን ስለማታነሺ ነው፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር።

ነገሩ ያ የባንክ ወረቀት ነው። "ጌታሁን ሚኒ ማርኬት፣ 3,840 ብር" የሚለውን ሳይ፣ እንዲህ የሚባል ሱቅ አላውቅም፣ የካርዴን ምስጢር ቁጥር ደግሞ ከእኔ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ ብዬ ሌባ አልኩሽ። ያውም በእናትሽና በጎረቤታችን በቶማ ፊት። "አባ፣ እስቲ ቀኑን እየው" ስትዪኝ አላስጨረስኩሽም። ስቆጣ ጆሮዬ እንደሚደፈን ታውቂያለሽ።

ሰኞ ካርዱን ላስዘጋ ባንክ ሄድኩ። ናዝራዊት የምትባል ሠራተኛ ወረቀቱን አይታ፣ "ጋሼ፣ እዚህ የሚወጣው የንግድ ፈቃዱ ስም ነው እንጂ ሰው ሱቁን የሚጠራበት አይደለም። የዚያን ቀን የት ነበሩ?" አለችኝ። ቀኑ ጥቅምት 8፣ የቶማ እናት ያረፉ ዕለት ነው። ለቅሶ ሲኖር ሰፈሩ ዕቃ የሚገዛው ከቦሼ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሱቋ ወረድኩ። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በበዴሳ ከተማ በሚኖረው ወንድሟ በጌታሁን ስም።

ወረቀቱን ሳሳያት፣ "የእድሩን ዕቃ የገዙበት እኮ ነው" አለችኝ ቦሼ። ያኔ ትዝ አለኝ። የእድሩ ሰዎች ጥሬ ብር ሰጡኝ፣ እኔ ብሩን ኪሴ ከትቼ በካርዴ ከፈልኩ። ጥሬውን ለጣሪያው ቆርቆሮ አዋልኩትና ጉዳዩን ጨርሶ ረሳሁት። ቦሼ ቀጠለች፤ "ዘይቱንና ስኳሩን ተሸክማ ለቅሶ ቤት ያደረሰችውስ ቤቴል አይደለች?"

ሽማግሌ ልልክብሽ አስቤ ጋሽ ጉልላትን ባማክራቸው፣ "ልጅቷን ልታጭ ነው እንዴ? ራስህ ሂድ" ብለው ሳቁብኝ። ትናንት ቶማን ጠርቼ፣ በእናትሽ ፊት፣ "ልጄ ንጹሕ ናት፤ የሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። እናትሽ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ "እኔ ልጄን ለማወቅ ባንክ አልሄድኩም" አለች።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው ቤቴልዬ። ያቺ የባንክ ልጅ ባትነግረኝ ኖሮ ዛሬም በልቤ ሌባ ነበርሽ። ለዚህ ሰበብ የለኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ተመለሺ ልልሽ አይደለም፤ እሱ ያንቺ ፈቃድ ነው። ፊትሽ ቆሜ "በደልኩሽ" ልልሽ ነው። በሩን ባትከፍቺልኝም አልቀየምሽም።

እኔ በሰው ፊት ዝቅ እንዳደረግሁሽ፣ ጌታ በሰው ሁሉ ፊት ከፍ ያድርግሽ።

አባትሽ ኢሳይያስ