የተቆለፈው የመግቢያ ቀን

ኅዳር 3
ዱባይ፣ ዲራ፣ ኤጀንሲው ቢሮ። ማቀዝቀዣው ዛሬም ያንጠባጥባል። ገና ሳልቀመጥ አለቃዬ ፉአድ፣ «ቅድስት፣ ለቤት ሠራተኝነት ያስመጣናቸውን ሴቶች የመግቢያ ቀን የሚነካካ ሰው አለ። ዋላሂ፣ ሙሽኪላ ውስጥ ሊከተን ነው» አለኝ። በፒኤችፒ የጻፍኩትን ፕሮግራም ከፈትኩና የሠራተኞቹን የመግቢያ ቀን ሪድኦንሊ አደረግሁት። አንዴ ከተጻፈ ሌላ ቀን አይተካበትም። ራሴው ልተካ ሞከርኩ... እምቢ አለኝ። «ኸላስ! አሁን እኔም ብሆን አልቀይረውም» ብዬ ተኩራራሁ።

ኅዳር 4
ቤዛዊት ደወለች። በእኛ ኤጀንሲ መጥታ አል ባርሻ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። «እህቴ፣ የኮንትራቴ ሁለት ዓመት በሚካኤል ይሞላል። አገሬ መግባቴ ነው አይደል?» ገጿን ከፈትኩ። የገባችበት ዓመት፣ በፈረንጅ 2025 ይላል። በ2023 አልነበረም እንዴ? ቁልፉ እንዳለ ነው። ፉአድ ከኋላዬ ቆሞ አየና፣ «ገና ሁለት ዓመት አላት» ብሎ አተመው።

ኅዳር 6
ቅዳሜ። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ገጿን ከፈትኩ። 2027። ማን ነካው? ዘግቼ እንደገና ከፈትኩ። 2029... ይቺ ልጅ ገና ዱባይ አልገባችም ማለት ነው? ታዲያ ሐሙስ ያናገረችኝ ማን ናት?

ኅዳር 8
ገባኝ። እኔው ነኝ። ቁልፉ ሌላ ቀን እንዳይተካ ብቻ ነው የሚከለክለው። ውስጥ ያለው ቀን ራሱ ሲገፋ ዝም ይላል። የኮንትራቱን ማብቂያ የሚያሰላው መስመር ኮፒ ሳይወስድ ያንኑ ቀን ሁለት ዓመት ይገፋና መልሶ ያስቀምጠዋል። ባየኋት ቁጥር ገፋኋት! በማይገፋ የቀን ዓይነት ለወጥኩት፤ ቁልፉን ፈትቼም ወደ 2023 መለስኩት።

ኅዳር 9
ለፉአድ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ማንም አይቀይረውም ያልሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ አሁን ማን ቀየረው? ያተምኩትን ወረቀት ለአሠሪዋ ለማዳሟ ልኬዋለሁ። ያላ፣ ወደ ሹግልሽ፣ ወደ ሥራሽ!» እውነቱን ስናገር ቀን የምትነካካዋ እኔው ሆንኩ።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ለቤዛዊት ደወልኩላት። «ስሕተቱ የእኔ ነው። የገባሽው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ማዳምሽ ፊት ቆሜ እመሰክርልሻለሁ» አልኳት።



«እህቴ... ማዳም ወረቀቱን በየቀኑ ታሳየኛለች። የገባሽው ዘንድሮ ነው ትለኛለች። እኔም ሳስበው... እንጃ። ዘንድሮ ይሆን እንዴ የገባሁት?»

ገጿን ከፍቼ ቀኑን ላነብላት እጄን ዘረጋሁ። ስከፍተው ደግሞ ቢገፋስ ብዬ ፈራሁ።