የሚዜው መሐላ

ጎንደር፣ ግንቦት ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ውድ ይመኙሽ፣

አዲ አርቃይ በደኅና መግባትሽን የመኪናው ሾፌር ነግሮኛል። አዲሱ ባልሽ በር ላይ ቆሞ እንደ ተቀበለሽም ነገረኝ። እኔ አልጠየቅሁትም፤ ሰው ለወንድም የእህቱን ወሬ ማድረስ ደስ ይለዋል።

ወንድምሽ የሆንሁበትን ቀን ሳስብ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለአገሩ ሁሉ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ለራሴ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልላክ አልላክ ስል ከረምሁ። ደንበኛዬ አያ አድማሴ በአንድ ቀን ልኮ አገባሽ። በሃያ ዓመት የሚበልጥሽ፣ ፊደል ያልቆጠረ የከብት ነጋዴ፤ አንቺ ደግሞ ዳዊት የደገምሽ የመሪጌታ ልጅ። ሚዜ ሁነኝ ሲለኝ ምን አሰብሁ መሰለሽ? ሚዜ ከሆንሁ ቤትሽ እንደ ልቤ እገባለሁ፣ ማንም ምነው አይለኝም አልሁ። እንዲህ ያለ ጅል ጎንደር ላይ ከእኔ በቀር አልተወለደም።

በአባትሽ ፊት መስቀል ይዤ “ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት” ብዬ ማልሁ። እልል ተባለ። በቅሎ ላይ አወጣሁሽ። አይዞሽ እህቴ ስልሽ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርሽ።

አያ አድማሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ የምታነብ ባል መሳቂያ ነው ብሎ ዳዊትሽን ሣጥን ውስጥ ቆለፈው እንጂ እጁን አላነሳብሽም። በከፋሽ ቁጥር እኔ ዘንድ መጣሽ። እኔም እንደ ወግ ወንድም አስታርቄ መለስሁሽ። ስንት ጊዜ እንደ መለስሁሽ አላውቅም።

አያ አድማሴን የወባ ንዳድ ገደለው። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ መጥተሽ ፊት ለፊቴ ተቀመጥሽ።

“ነጋ፣ አሁን ባል የለኝም። ምነው ዝም አልህ?”

መሐላ አለብኝ አልሁሽ።

“መሐላህንማ አውቃለሁ። እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።”

እኔ ግን ብዕሬን አንሥቼ የሰው አቤቱታ መጻፍ ቀጠልሁ።

አባትሽ በሕይወት ስለሌሉ የአዲ አርቃዩ ባለ ወፍጮ ሽማግሌዎቹን የላከው ወደ እኔ ነው። ሰውየው ስድሳ አልፎታል። አንቺ፣ ነጋ እሺ ካለ እሺ፣ እንቢ ካለም እንቢ ብለሽ መጋረጃው ጀርባ ተቀመጥሽ። እንቢ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ያዩኛል፣ ጎረቤት ይሰማል፤ ለምን አስቀራት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሺ አልሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ተነሥተሽ ስትወጪ ሰማሁ።

በሄድሽ በሳምንቱ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ሐብተ ማርያም ሁሉንም ተናገርሁ። እሳቸውም “የሚዜ መሐላ እኮ በንስሐ ይፈታ ነበር፣ ልጄ። ምነው ቀደም ብለህ አልጠየቅኸኝም?” አሉኝ።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ይፈታል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁት። ከተፈታ በሰው ፊት ቆሜ አንቺን መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። መሐላው ያስጠለለኝ ከዚያ ነው። እወድሽ ነበር፤ እወድሻለሁ። ይህን ለማለት ስምንት ዓመትና የአንድ ቀን መንገድ ርቀት አስፈለገኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፤ እዚያም ቢከፋሽ ወደ እኔ አትምጪ፤ አስታርቄ እመልስሻለሁ።

ነጋ